አክስትን አልይዝ ያለው ወለል

ወንድምና እህት የሚሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ሲከፈት፣ በአክስታቸው አምሳል የተሳለችው አክስት መጥረጊያዋን ታጥቃ ብቅ ትላለች። ሌቦቹን ልታባርር አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ወለሉ እንደሌለ ሁሉ ቁልቁል ትሰምጣለች። ፕሮግራመሩ ሳምንቱን ሙሉ ያየው ይህንኑ ነው። ጥፋተኛውን ግን ወዲያው ነበር ያገኘው፤ ሰዓሊዋን እህቱን።

«አወፈርሻታ!» አላት። «ይሄን የሚያክል ሥዕል የትኛው ወለል ይሸከመዋል?»

ሥዕል ክብደት እንደሌለው ጠፍቶት አይደለም፤ የራሱን ኮድ መጠርጠር ሞት ሆኖበት ነው። እህቱ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባው እሱ ነው ብላ አመነችው። የአክስታቸውን ዳሌ ቀነሰች፣ ክንዷን አከሳች፤ በመጨረሻ ያቺ ግርማ ሞገሳም ሴትዮ የመጥረጊያዋን እንጨት አከለች። እህቱ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ለእሱ ስትል ነው የቆየችው። እሷ ከሄደች ጨዋታው አለቀለት።

ዛሬ ምሳ ልትገዛ ስትወጣ ኮዱን በስንት መከራ ገለጠው። ጨዋታው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ሌየር በሚባሉ መደቦች ተከፍሏል፤ ወለሉ ያለው አምስተኛው ላይ ነው። እሱም አክስት ምን ምን ላይ መቆም እንደምትችል በሚወስነው መስመር ላይ በኩራት 5 ብሎ ጽፏል። ኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩን የሚያየው እንደ ማብሪያዎች ተርታ ነው፤ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4፣ እያለ በእጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ 5 ማለት አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ በርተዋል ማለት ነው። አንደኛው ደመና ነው፣ ሦስተኛው እርግብ። ምስኪኗ አክስት ደመና ላይ መቆም ተፈቅዶላት ወለል ተከልክላ ከርማለች።

አምስተኛው ማብሪያ 16 ነው። 5ን አጥፍቶ 16 ጻፈ። አክስት ቀጥ ብላ ቆመች።

እህቱም ገባች። «ቆመች!» ፌስታሉን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እውነትህን ነው እኮ፣ ለካ ውፍረቷ ነበር! እኔ ደሞ ሰበብ ይፈልጋል እያልኩ ሳማህ ሰነበትኩ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አላት ጨዋው ሰውዬ።

«በቃ፣ ሌቦቹንም አከሳቸዋለሁ» ብላ ብዕሯን አነሳች።

ይሄኔ ሆዱ አልችል አለው። «ተይው። ችግሩ ሥዕሉ አልነበረም። እኔ ነኝ ቁጥር የተሳሳትኩት።»

ዞራ አየችው። «መቼ አወቅክ?»

«አሁን፣ ምሳ ልትገዢ ስትወጪ።»

«ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ማለት ነው።»

እፍረቱ እስከ ጆሮው አቃጠለው። እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ብዕሩን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ቦርሳዋን አነሳች።

«በል እንግዲህ፣ ራስህ ሳላቸው» ብላው ወጣች።

ፕሮግራመሩ በዕድሜው ዶሮ እንኳን ስሎ አያውቅም።