ወደ ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው አለ

ዮአብ ዳላስ አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ ይኖራል። መንገደኛ የሚያመላልስ የዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ መንገደኛውን ተርሚናል አድርሶ፣ ራሱ ተመልሶ ፓርኪንግ። ያበላሸው አንድ መንገደኛ ረስቶት የወረደው ካርታ ነው። በሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ዳር፣ በስኖውሞቢል ማለትም በበረዶ ላይ በሚጋልብ ሞተር የሚጓዙ ሰዎች የት የት እንደሚቆሙ ያሳያል፦ በረዶ ሆኖ ቆሞ የቀረ ፏፏቴ፣ የድሮ ግንድ ቆራጮች ሰፈር፣ ለመርከብ ያበራ የነበረ አሮጌ የመብራት ማማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዮአብ ቀይ መብራት ላይ መቆም አቃተው። እግሩ ልሂድ ልሂድ ይላል።

የ2009 ገና እንዳለፈ ከሥራ ኦፍ ወሰደ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ሞተሩን ሪዘርቭ አደረገ። ሚስቱ ሮማነወርቅ ለማንም እንዳትናገር አደራ አላት። አልተናገረችም፤ ለእህቷ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ «ወደ ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው አለ» የሚለው ወሬ ቀድሞት መኪናው ጋ ደርሷል። በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከሳክሲ በርበሬ፣ ከአዲሰን ሽሮ፣ ከጎረቤትም ቋንጣ መጣ፤ ሁሉም ሚኒሶታ ላለ ዘመድ የሚደርስ። እያንዳንዱ ፌስታል አንድ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ምሳ ነው፤ ምሳውም «ሳታድርማ አትሄድም» አለበት። ካርታውን ከፌስታሎቹ አጠገብ ዘርግቶ ቢያሰላ፣ ሳምንቱን ዘመድ በልቶታል፤ ለሐይቁ ግማሽ ቀንም አልተረፈ።

ስለዚህ ዋሸ። ጉዞው ካንስል ሆኗል ብሎ ፌስታሉን ሁሉ በየቤቱ መለሰ። ሽሮዬ ከበደው ብሎ የተቀየመም አለ።

በጉዞው ዕለት የበረዶ ቦት ተጫምቶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ተርሚናል ገባ። መሳፈሪያው በር ጋ ሊደርስ ሲል አንድ ዊልቸር ፊቱ ቆመ። የሚገፉት እዚያው ኤርፖርት የሚሠሩት እትዬ ከበቡሽ ናቸው፤ ባለ ሽሮዋ። ቦቱን አዩት።

«ዳላስ በረዶ ጣለ እንዴ፣ ልጄ?»

ሌላ ውሸት ፈልጎ አጣ። ካርታውን አውጥቶ አሳያቸው። የሰው ቤት ምሳ ሊበላ ሳይሆን ይህን ማማ ሊያይ እንደሚሄድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሱም ብቻውን መንገደኛ መሆን እንዳማረው ነገራቸው። ዊልቸሩ ላይ ያሉት ፈረንጅ አሮጊት ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ካርታውን አዩ።

«ይህንን ቀድመህ አትነግረንም?» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «በል አትቸገር፣ ማንም ቤት አትግባ።»

ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። እሳቸው ግን በአንድ እጃቸው ዊልቸሩን እየገፉ፣ በሌላው ስልክ መደወል ጀምረው ነበር።

አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶውን ሲያስር ስልኩ ጠራ። የእትዬ ከበቡሽ የወንድም ልጅ ነው፣ ከሚኒሶታ። እዚያ ያሉት ዘመዶች ሁሉ ተነጋግረው እሱ ከሚለፋ እነሱ ሊመጡለት ወስነዋል፤ ሁለት ቫን ሞልቷል፣ ድስቱም ተጭኗል። ማማው ጋ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ብቻ ይንገራቸው።

ዮአብ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ከማማው በፊት ፏፏቴው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ማለቴ፣ እሱ ጋ ትንሽ ብቻዬን ልቁም።»

«ፏፏቴው ጋማ ቁርስ ነው» አለ ሰውየው።

አስተናጋጇ ስልኩን እንዲያጠፋ ምልክት ሰጠችው። እሱ ጣቱን ካርታው ላይ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ገፋ።

«እሺ፣ የግንድ ቆራጮቹ ሰፈርስ?»