የነገው ኮምፒውተር

"እስቲ እንደገና ንኪው!" አለ ላይል፣ ከሴት ልጁ ትከሻ በላይ አጎንብሶ።

ኪርስተን ነካችው። ታብሌቱ ያንኑ መልስ ሰጣት፤ ፈተናው የሚከፈተው በኮምፒውተር ብቻ ነው። የነርስነት ትምህርቷ የመጨረሻ ፈተና ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ካመለጣት ዓመቱን መድገሟ ነው።

"ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው!"

"ለእሱ ንገረዋ።"

ላይል አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ባለፈው መኸር ልጁን ሳያማክር ላፕቶፗን ሸጦ ይህን ታብሌት ገዛላት። "ኮምፒውተር ሞቷል" እያለ ሰፈሩን ሲያረዳ ሰነበተ። ልጅቷ መጻፍ አስቸገረኝ ስትለው ኪቦርድ ገዛ። ታብሌቱ አልቆም ሲል ማቆሚያ ጨመረ፤ ከዚያ ደግሞ ማውስ። የሸጠውን ላፕቶፕ በየብልቱ መልሶ እየገዛ መሆኑ ለአፍታ እንኳ አልታየውም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

"የነገ ኮምፒውተር ነው እኮ" አለ፣ ድምፁ እየሳሳ።

"አባዬ፣ ፈተናዬ ዛሬ ነው!"

እሑድ ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። የቀረው የጎረቤታቸው የአርቪድ ቤት ነበር። ጡረተኛው አርቪድ ጠረጴዛ የሚያጣብብ ኮምፒውተር አለው። ላይል በአጥሩ በኩል ባየው ቁጥር፣ "ያን ሬሳ መቼ ነው የምትቀብረው?" እያለ ይስቅበታል።

"ሌላ ሰው እንፈልግ" አለ ላይል።

ኪርስተን ኮቷን ደርባ ወጣች። እሱም በረዶውን እየረገጠ ተከተላት። ያስጨነቀው ፈተናዋ እንዳይመስላችሁ፤ ምን ትናገር ይሆን ብሎ ነው።

አርቪድ በሩን እንደከፈተ ላይል ቀደማት። "ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? የታብሌታችን ባትሪ አልቆ ነበር…"

ሲያላግጥበት የኖረውን ሰው ዛሬ አንቱ አለው! ታብሌቱ ደግሞ በልጅቷ እጅ ላይ ቦግ ብሎ በርቷል። አርቪድ ብርሃኑን አየና ዓይኑን ወደ ላይል መለሰ።

"ባትሪ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ባትሪ ነው።"

ኪርስተን በአባቷ ከልቧ ያፈረችው ያኔ ነው።

"ጋሽ አርቪድ፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ፈተናዬን አልከፍት ብሎኝ ነው። እባክዎ፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ልፈተን?"

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ድመቷን ከወንበሩ ላይ አውርጂያት።"

ላይልም ሊገባ እግሩን አነሳ። ኪርስተን ታብሌቱን ከነኪቦርዱ፣ ከነማቆሚያው አስታቀፈችው።

"አንተ እሱን ይዘህ ወደ ቤት ሂድ" አለችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።