መኪና መሆን እምቢ ያለው ሮቦት

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ! አንቺ ባይደክምሽ እግርሽ ይደክመዋል እኮ» አሉ አክስቷ፣ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁላት።

ትንሿ ተቀመጠች። ወዲያው ደግሞ ተነሳች። ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባችና የታጠቡትንም ጨምራ አጠበቻቸው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች፣ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናም ሁሉም ትንሿ ነው የሚላት። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ እንባ የሚባል ነገር ከዓይኗ አልወጣም። ይህን ደግሞ ለቀስተኛው ሁሉ ልብ ብሎታል።

«ድንጋጤው ነው፤ አልለቀቃትም» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«እሷ ድሮም ልበ ደረቅ ናት» አለች ሌላዋ። ሹክሹክታው ጓዳ ድረስ ይሰማል።

ወንድሟን ጋሼ ነበር የምትለው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መሪ ካልያዘ በቀር አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቆሞ ይበላል፣ ዜና እየተንጎራደደ ይሰማል። «ወንበሩ መርፌ አለው እንዴ?» ይሉት ነበር ጓደኞቹ። ዕድሜውን ሙሉ መቀመጥ ያቃተው ሰው፣ ፀጉር ቤት ተራውን ሲጠብቅ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ሞተ። ፀጉር አስተካካዩ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ተራውን ለሌላ ሰጠበት።

ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባዋ ሊያጽናናት መጣ። ሁለቱም የሚሠሩት የልጆች መጫወቻ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። መጫወቻው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ይጥሉታል፣ ይጎትቱታል፣ ይጠመዝዙታል፤ ከዚያ ለገበያ ይውጣ ወይም አይውጣ ይላሉ። ባልደረባዋ ሻዩን ጨርሶም እጁ ከቦርሳው ላይ አልነሳ አለ።

«ምን ይዘህ ነው?» አለችው።

«ተይው፣ ነውር ነው።»

«ንገረኝ።»

«ያ ሮቦት ነው፤ ተጣጥፎ መኪና የሚሆነው። እኔ አሳልፌው ነበር። አለቃ ግን እሷ ሳትነካው አይወጣም ብሎ ላከኝ።»

አክስቷ ሰውየውን በዓይናቸው ሊውጡት ደረሱ። ትንሿ ግን «አምጣው» ብላ ቦርሳውን ከእጁ ነጥቃ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ባልደረባዋ እያፈረ ተከተላት።

ሮቦቱ ቀይ ነው፤ ሲታጠፍ የእሳት አደጋ መኪና ይሆናል። መመሪያው እንደሚለው አንገቱን ወደ ውስጥ ገፋችው፣ ክንዶቹን ወደ ጀርባው አዞረች፣ እግሮቹን ገጠመች። መኪና ሆነ። ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው። ቀለሙ እጅ ላይ አይቀርም፣ ጎማው አይላቀቅም።

«አየሽ? እንከን የለውም» አለ ባልደረባዋ።

እውነቱን ነው። እሷ ግን አንድ ነገር የጎደለ መሰላት።

እንዲህ ያለውን መጫወቻ ለጋሼ ነበር የምትወስደው። ስለሚችልበት አልነበረም፤ ከቶ ስለማይችልበት ነበር። መመሪያውን ወዲያ ይጥለዋል። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ በዚያ መሪ ባደነደነው ጣቱ ይታገላል። «እምቢ አለኝ! ይሄ እኮ መኪና መሆን አይፈልግም፤ በግድ ነው እንዴ?» ይላል። በግድ ያደርገዋል። ከዚያ ቀጭ! ሲል እጁን ከጀርባው ይደብቃል። ሚስቱ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልከው?» ብላ ትስቃለች። አለቃዋ የሚያደንቅላት ምርመራ ግማሹ የጋሼ ትዕግሥት ማጣት መሆኑን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሥራውን በጀመረችበት ሰሞን ዘመድ ሁሉ፣ ተምራ ተምራ በአሻንጉሊት ትጫወታለች እያለ ሲሳለቅ እንኳ ጋሼ አውቶቡሱ ውስጥ አስቀምጧት፣ መሪውን እንደያዘ ለማያውቃቸው ተሳፋሪዎች ጮኾ ይናገር ነበር፤ «ይቺ እህቴ ናት። የልጆቻችሁን ጣት የምትጠብቅላችሁ እሷ ናት!» በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር ያኔ።

አሁን ሮቦቱን የምትሰጠው ሰው የለም።

ዓይኗን ጨፈነች። የምታውቀውን ቅደም ተከተል ሁሉ ትታ ክንዱን በማይሆን በኩል ጠመዘዘችው። እምቢ አለ። ሰሞኑን ያላስቀመጣት፣ ከጓዳ ሳሎን ያንከራተታት ነገር ሁሉ አውራ ጣቷ ላይ ወረደ። ገፋችው። ቀጭ!

ትከሻው ተገነጠለ። ከውስጡ አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ ተፈናጥራ አልጋው ሥር ገባች። የተሰበረው ጠርዝ አውራ ጣቷን ቆርጧት ደም አወጣ።

«አስገድደሽው እኮ ነው!» አለ ባልደረባዋ።

«ልጅስ አያስገድድም?»

ባልደረባዋ ደሙን አየ፣ የተገነጠለውንም ትከሻ አየ። «እሺ፤ አይወጣም እለዋለሁ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ሰነበትኩ እኮ ይዤው፤ እንዲህ ማድረግ ግን አልመጣልኝም» አላት።

«ለእኔም አይመጣልኝም ነበር» አለች።

እሱ ሲወጣ በሆዷ ተኝታ አልጋው ሥር እጇን ሰደደች። የወንድሟ ሚስት ገብታ በላይዋ ቆመች።

«ምን ጠፋሽ?»

«ስፕሪንግ። ከትከሻው ውስጥ የወጣች።»

ሚስትየዋ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ከዚያም እንደ እሷ ተኛችና አንገቷን አልጋው ሥር አስገባች። አቧራው ውስጥ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ሰበርሽው?»

«ሰበርኩት።»

«እንደሱ?»

«እንደሱ።»

ሚስትየዋ ሳቋ አመለጣት፤ መሐል ላይ ግን ተቆረጠ። የትንሿ ጉንጭ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እንባዋ አግድም፣ በአፍንጫዋ ላይ ተሻግሮ ፈሰሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ከዚያ ግን ድምፅ አወጣ።

«እናንተ ልጆች! እንግዳ መጥቷል እኮ፣ የት ገባችሁ?» አሉ አክስቷ ከሳሎን።

ሚስትየዋ ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ላይ አውልቃ አጣጠፈችው። የትንሿን ጭንቅላት በቀስታ ቀና አድርጋ በጉንጯና በቀዝቃዛው ሲሚንቶ መሐል አነጠፈችላት። በተረፈችው ጠርዝ ላይ ደግሞ የራሷን ጉንጭ አሳረፈች።