የተቆረጠችው «ልምምድ»

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ባለው የሙከራ ክፍል ሰው ሁሉ እየተነሳ ሲጨባበጥ የሙከራ መሐንዲሷ ግሬቼን ብቻ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። የኑክሌር ትእዛዝ የሚያስተላልፈው አዲሱ ሳተላይት፣ ጠላት ሞገዱን ቢያውክበትም መልእክት ማድረስ ይችላል ተብሎ ደስታ ሆኗል። የእሷ ደም ግን ፈልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌው ሥርዓት የልምምድ ትእዛዝ ሲላክ፣ ተቀባዩ የእውነት እንዳይመስለው፣ «ልምምድ» የምትለዋ ቃል ከፊትም ከኋላም ትደጋገም ነበር። አዲሱን የሠሩት ብልጦች ግን መልእክቱን እናሳጥር ብለው አንዴ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ ወሸቋት። ዛሬ በሙከራው ሞገዱ ሲታወክ የመልእክቱ ጭራ ተቆረጠ። ተቀባዩ ጋ የደረሰው «ተኩሱ» የሚለው ብቻ ነው።

የሙከራው ኃላፊ ኮሎኔል ዋርድሎ ይህንን አይቶ «አልፏል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እንድትፈርም ወረቀቱን ገፋ አደረገላት።

«አልፈርምም» አለች።

«ግሬቼን፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ዋናው ትእዛዝ ደርሶ የለ? ጭራዋን ሳተላይቱ ከመጠቀ በኋላ እናስተካክላታለን።»

«ጭራዋን? ኮሎኔል፣ ልጄ ብሪን ኖርዝ ዳኮታ ምድር ሥር የሚሳኤል ቁልፍ ይዛ ነው የምትውለው። ይህን የምታነበው እሷ ናት። ካነበበች ደግሞ ታደርገዋለች፤ እንደዚያ አድርጋችሁ ነው ያሰለጠናችኋት!»

«የማምጠቂያው ቀን ተቆርጧል እኮ! ዋሽንግተኖችን ምን ልበላቸው?»

«ገደል ይግቡ በላቸው!»

ግሬቼን ተነስታ ከተቀባዩ ስክሪን ፊት ያለውን ወንበር ለኮሎኔሉ ሳበችለት። እንዲህ ያለ ጅልነት፣ ያውም በዚህ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል፣ እንዴት በጭብጨባ ያልፋል?

«ተቀመጥና አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ኮሎኔሉ እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ማንበብ ጀመረና «ተኩሱ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ሟሸሸ። ከዚያ በታች ስክሪኑ ባዶ ነው።

«እና ምን ይጠበስ? ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ! ጠዋት አይደል እንዴ የነገርሽን?»

«እንግዲያው ከሳተላይቱ ጋር እኔንም አምጥቁኛ!»

ማንም አልሳቀም። ኮሎኔሉ ስክሪኑን እንደገና አየ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና «አልፏል» የሚለውን ሰረዘው።