ምስክሩ ያላለውን

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለሥራ ሁለት ጊዜ ፈትኖ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ሒሳቡ አያስቸግረኝም፤ የሚጥለኝ ቨርባሉ ነው። አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሰጡና ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስከትላሉ፤ እውነት፣ ሐሰት ወይም ከጽሑፉ አይታወቅም ብሎ መመለስ ነው። ሦስተኛው ማስታወቂያ ከተመረቁ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ብቻ ይላል። እኔ ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ይኼ ካመለጠኝ ሌላ ዕድል የለኝም።

ጎረቤታችን ጋሽ ደምለው ደሴ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት የምስክር ቃል ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ሰኞ ገበያ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፋሉ። አንድ ቀን መለማመጃዬን ይዤ ስነጫነጭ አዩኝና በአማርኛ እያደረግሽ አንብቢልኝ አሉኝ። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ማስረዳት ሌላ ፈተና ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ፤ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ግን አነበብኩላቸው።

ጽሑፉ ዝናብ በበዛበት ወር የአትክልት ዋጋ ጨመረ ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ዋጋው የጨመረው መንገድ ስለተበላሸ ነው ይላል። ሳላስብ እውነት አልኩ።

"ምስክሩ ስለ መንገድ ተናግሯል?" አሉኝ ጽሑፉን እየጠቆሙ።

"አልተናገረም። ግን የታወቀ ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"አንቺ የምታውቂውን ማን ጠየቀሽ፣ ረውዳ? እኔ ምስክሩ ያላለውን ብጽፍ ኖሮ ስንቱን ሰው አሳስር ነበር።"

ተናድጄ ተነሣሁ። በማግስቱ ግን ተመልሼ ሄድኩ፤ ከዚያም አምስት ሳምንት ሙሉ አልቀረሁም። በባለጉዳዮቻቸው መሀል እያነበብኩ ስተረጉም፣ ከራሴ አንድ ቃል ከጨመርኩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ ያደርጋሉ። ስንት ነገር ከኪሴ እንደምጨምር ያወቅሁት ያኔ ነው። ተስፋ ስቆርጥ አብሽሪ ይሉኛል።

የፈተናው ዕለት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰባተኛው ጽሑፍ በአንድ ተራራማ መንገድ ላይ የከባድ መኪና አደጋ እንደጨመረ ያወራል። ከሥሩ ያለው ዐረፍተ ነገር አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው በሹፌር ጥፋት ነው ይላል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አብሮት የነበረ፣ ያየም ሰው የለም። ሰፈሩ ግን አንቀላፍቶ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ፍሬኑ ነው እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። እጄ ቀጥታ ሐሰት ወደሚለው ሄደ። ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት። ስለ አደጋው ምክንያት አንድም ቃል የለበትም። እንባዬን እየጠረግሁ አይታወቅም የሚለውን አጠቆርኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ። ስሜን እንዳየሁ ወደ ጋሽ ደምለው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰባተኛው ጥያቄም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲያው በአባትሽም ላይ ጥፋተኛው እሱ ነው ብሎ የመሰከረ የለም" አሉኝ። "ያላየ ሰው ወሬ ቃል ሆኖ አይጻፍም።"

አሥራ አንድ ዓመት ስከራከርለት ኖሬያለሁ፤ ለካ ክሱ ራሱ አልተጻፈም። ትከሻቸውን ስሜ አለቀስኩ። ሥራውን ያገኘሁት በእሳቸው ነው፤ ለዚያ አመስግኛቸዋለሁ። ስለ አባቴ ግን ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።