ዋጋ ሊጨምር አንድ ቀን ሲቀረው

በቀዩ ማደያ የናፍጣ መቅጃ ጫፍ ላይ ጥቁር ፌስታል ታስሯል። ከጎኑ ከካርቶን የተቆረጠ ማስታወቂያ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ «አልቋል» ይላል። ባለታክሲው ሚሉድ ከቤን አህመድ ከተማ ስድስት ሰው ጭኖ ወደ ሰታት ሲገባ ይህን አየና ሳያስበው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። አሮጌዋ ነጭ መርሰዲስ ተንገጫግጫ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ጀመራቸው!» አለች ከኋላ ከተጣበቁት አራት ተሳፋሪዎች አንዷ፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ጭኗ ላይ ያስተኛች ሴት። «ነገ የሚወደድ ነገር ሁልጊዜ ዛሬ ነው የሚያልቀው።»

«ማዶ ያለው አረንጓዴው ማደያ አለው እኮ፣ እማማ» አላት ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ።

«አለው? ሰልፉን አታየውም? ሙሽራ ሊሸኙ የመጡ ነው የሚመስሉት።»

መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሚሉድ አልሳቀም። ጎህ ሲቀድ ወደ ቤን አህመድ ሲወጣ፣ ቀይ ቦቴ ወደዚሁ ግቢ ሲታጠፍ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ዋጋ የሚቀየረው ወር በገባ በአንድና በአስራ ስድስት ነው፤ ዛሬ አስራ አምስት ነው። ጠዋት ቦቴ የገባበት ማደያ ሦስት ሰዓት ላይ «አልቋል» ብሎ ሲለጥፍ፣ ለዚህ ትርጉም የሚያጣ ሹፌር በሰታት አይገኝም።

ነገሩን የሚያከብደው የማደያው ኃላፊ ቡሽዓይብ የሚሉድ የጡት ወንድም መሆኑ ነው። ቡሽዓይብ በተወለደ በሳምንቱ እናቱ ስለሞተች፣ የሚሉድ እናት ኢዛ ሁለቱን በግራና በቀኝ ታቅፋ አጠባቻቸው። እንደ ሥጋ ወንድማማች ስለሚቆጠሩ ልጆቻቸው እንኳ መጋባት አይችሉም። ሆኖም ሚሉድ ተፈጥሮው ጠርጣራ ነው፤ ሐብሐብ ሳያስቆርጥ አይገዛም፤ መልስ ሲቀበል ሳንቲሙን በጥርሱ ሊነክስ ምንም አይቀረው። በወንድሙ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጥርጣሬውን አፍ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም።

እሁድ ዕለት ቡሽዓይብ ደውሎለት ነበር። «ታንክህን ሙላ» አለው፤ «ዘጠና ሳንቲም ሊጨምር ነው። ለማንም እንዳትተነፍስ። ከእኔ እንደወጣ ኩባንያው ካወቀ የዚያኑ ቀን የማደያውን ቁልፍ ይቀበለኛል።» ሚሉድ ታንኩን ሞላ። ቤቱ ሄዶ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጀሪካን ገለበጠና ተመልሶ ሞላ። አሁንም ገለበጠ፣ አሁንም ሞላ። ሰባት ጀሪካን ደረጃ ሥር ደረደረ። ዛሬም አንዱን በመኪናው ይዞ ወጥቶ፣ ሰታት መግቢያ ላይ ቆም ብሎ ከእሱ ቀድቶ ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶታል። ለማንም አልተነፈሰም፤ ከሐሙ በቀር። ሐሙ የሚስቱ ወንድም ነው፣ እንደ እሱ በሰታት የታክሲ ተራ የሚሠራ ባለታክሲ፤ ለዘመድ መንገር ደግሞ እንደ መንገር አይቆጠርም።

ተራው ላይ ሲደርስ ግማሹ ታክሲ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሹፌሮቹ የተራውን አለቃ ሐጅ ጂላሊን ከበዋቸዋል። ሐጅ ሽማግሌ ናቸው፤ የሠላሳውን ታክሲ ስም ዝርዝር ሁሌም በሚለብሱት ረጅም ጀላባ ኪስ ውስጥ ይይዛሉ። በዚያ ዝርዝር ስሙ የሌለ ሰው ከዚህ ተራ አንድ መንገደኛ አይጭንም።

«ሊትሩ አስር ድርሃም ከሰማንያ እዚህ፣ አስር ከሰማንያ እዚያ!» ይላል ላርቢ የሚባለው ቀጭን ሹፌር፣ ሁለቱን ማደያዎች በሁለት እጁ እያመለከተ። «ውድድር ነው ይሉናል። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡ ሯጮች አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሲወጣ አብረው ዘለው ነው የሚወጡት» አለ ሌላው። «ሲወርድማ በር ላይ እንደሚገባበዙ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም!»

ሐጅ ጂላሊ አልሳቁም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ። «ዛሬ ቀዩ ማደያ ቦቴ ሲገባ ያየ ሰው አለ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «እኔ አይቻለሁ» አለ ሚሉድ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ሐጅ ጂላሊ ጢማቸውን አሻሹ።

«እንግዲያው ሄደን ናፍጣው የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ክዳን እናስከፍታለን። ናፍጣ ከተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ተራ አንድ መኪና ከቀዩ አንዲት ጠብታ አይቀዳም። ሰውየውም ከዚህ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አይመስለኝም።» እጃቸውን ሚሉድ ትከሻ ላይ አኖሩ። «አንተ ግን የጡት ወንድሙ ነህ። ቀድመህ ግባና አናግረው። ወጥተህ የለውም ካልክ ክዳኑን ማንም አይነካም። ቃልህ ይበቃናል።»

ቡሽዓይብ በመስታወቱ ቢሮ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ወደ ማዶ አነጣጥሮ ፎቶ ያነሳል። ሚሉድን ሲያይ ፈገግ አለና ከፈላ ቆየት ካለ ማንቆርቆሪያ የናና ሻይ ቀዳለት። ሚሉድ ብርጭቆውን አልነካም።

«ማንን ነው የምታነሳው?»

«የአረንጓዴውን የዋጋ ሰሌዳ። በቀን ሦስቴ አንስቼ ለኩባንያው እልካለሁ። ማዶ ያለውም የኔን አንስቶ ለአለቆቹ ይልካል። እኔን እነሱ ስንት አደረጉ ይሉኛል፤ እሱንም እነሱ ስንት አደረጉ ይሉታል። አንዳንዴ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም እጃችንን እናወዛውዛለን።»

«ታዲያ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?»

«እሱን የደረስክበት ቀን ለእኔም ንገረኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚሉድ በዚህ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ቀልዱ ራሱ መሸፈኛ መሰለው። ወንድሙ ዋጋውን ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ደግሞ ለምን ዛሬ በርካሽ ይሸጣል?

«ጠዋት የገባው ቦቴስ?»

«ሹፌሩ ሽንት ቤት ገባ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሄደ። ጭነቱ ለኩሪብጋ ከተማ ነበር።»

መልሱ ለሚሉድ ቀለለበት። ለአንድ ሙሉ ቦቴ የሚበቃ መልስ አልነበረም።

«ውጭ እየጠበቁኝ ነው» አለ። «የኔን ቃል ነው የሚጠብቁት። በእናታችን ጡት ማልልኝና ልውጣ።»

ቡሽዓይብ የቀዳውን ሻይ ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰ። ፊቱ ቀልቷል።

«አልምልም።»

«ለምን?»

«እሁድ ዕለት ስደውልልህ ማልልኝ ብለኸኝ ነበር?»

መልስ ያጣ ሰው አንዳንዴ ያፍራል፣ አንዳንዴ ይናደዳል፤ ሚሉድ ተናደደ። እውነተኛ ሰው መማል ምን ይከብደዋል? እያለ በሩን በኃይል ገፍቶ ወጣ። ሃያ የሚሆኑ ሹፌሮች ፌስታል የታሰረበት መቅጃ ዙሪያ ቆመው ነበር።

«እሺ?» አሉ ሐጅ ጂላሊ። «የለውም?»

አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅበት። ሚሉድ ከኋላው በመስታወቱ በኩል ወንድሙ እንደሚያየው አውቋል።

«እኔ ገብቼ አላየሁም» አለ። «ይከፈት።»

ቡሽዓይብ ሳይጠሩት ወጣ። ቁልፉን ለሽማግሌው ቀጂ ሰጠው። ቀጂው የብረት ክዳኑን አንስቶ ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ዘንጉ ወለሉን ሲነካ ድምፁ ተሰማ። ሲወጣ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ዝቃጭ ይዟል፤ ከዚያ በላይ እስከ እጀታው ድረስ ደረቅ ነበር። ላርቢ ማመን አቅቶት በጣቱ ዳሰሰው።

መጀመሪያ የተናገረው ቀጂው ነው።

«ማለቁን ልነግራችሁ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ» አለ። «እሁድና ሰኞ ሰታት በሙሉ እዚህ ነበር። በተለይ ታክሲ። ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሞላም አለ፤ ሁሉም ነጭ ስለሆነ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይም እንጂ።»

«ሦስት ጊዜ?» አሉ ሐጅ ጂላሊ። «ናፍጣ የሚጠጣ ሰው በመካከላችን አለ ማለት ነው? እንግዲህ ስሙኝ። ቤቱ ጀሪካን ደርድሮ እኛን እዚህ ያቆመን ሰው ካለ ከዝርዝሬ ይሰረዛል። ዘጠና ሳንቲም ይጨምራል የሚለውንስ ወሬ ማን ነው ያመጣው?»

አንዱ ከላርቢ ሰማሁ አለ። ላርቢ ከሐሙ ሰማሁ አለ። ሐሙ ጫማውን እያየ «እኔ ገበያ ላይ ነው የሰማሁት፣ ማን እንደሆነ ትዝ አይለኝም» አለ።

ሐጅ ጂላሊ ወደ ቡሽዓይብ ዞሩ። «ወሬው ከዚህ ነው የወጣው?»

«ከዚህ አልወጣም» አለ ቡሽዓይብ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ሚሉድን አላየውም። ሚሉድ ግን ፊቱ በእፍረት ጋለ። እኔ ነኝ፣ ለእኔ ነግሮኝ ነው ብሎ መጮህ አማረው። ያን ካለ ደግሞ ኩባንያው ዛሬውኑ ቁልፉን ይቀበለዋል። ዝም ቢል ውሸታም፣ ቢናገር ነፍሰ ገዳይ ሆነበት። ቡሽዓይብ ክዳኑን ራሱ ዘጋ፤ የላላውን ፌስታል አጥብቆ አሰረና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

«በሉ ማዶ እንሰለፍ» አሉ ሐጅ ጂላሊ። «ለሰው የመቶ ድርሃም ብቻ ነው አሉ የሚቀዱት።»

«እኔ ለምሳ ቤት ደርሼ...» አለ ሚሉድ።

«ዛሬ ማንም ብቻውን አይሄድም።»

ስለዚህ ሚሉድ ሙሉ ታንኩን ይዞ ተሰለፈ። ከፊቱ ላርቢ፣ ከኋላው በመኪናቸው ሐጅ ጂላሊ ነበሩ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ቆሞም ቢሆን እየሠራ ጥቂት ሊትር ይበላልኛል ብሎ በእግሩ ነዳጅ መስጫውን ይረግጥ ጀመር። መርሰዲሷ አጓራች፣ ጭሷም ሰልፉን ሸፈነው።

«ኧረ አጥፋው!» አለ ላርቢ ራሱን በመስኮት አውጥቶ። «ናፍጣ የተረፈህ ትመስላለህ!»

አጠፋው። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ከሹፌሮቹ ጋር በእጅ እየገፋ፣ በየአምስት ደቂቃው የአንድ መኪና ርዝመት ወደፊት እየሄደ፣ ወደ አረንጓዴው መቅጃ ተጠጋ። ሰዓቱ ስምንት አልፎ ነበር። አንዴ ከሰልፉ ሊወጣ መሪውን አጠመዘዘ፤ ሐጅ ጂላሊ ጥሩንባ ነፉ። ተራህ ደርሷል ማለታቸው ነበር።

ቀጂዋ ወጣት ሴት ናት። ክዳኑን ከፍታ መቅጃውን ሰካች። ወዲያው ቀጭ ብሎ ቆመ። አወጣችውና እንደገና ሰካችው። እንደገና ቆመ። በሦስተኛው ናፍጣው ገንፍሎ በነጩ ጎን ላይ ወረደ፤ እጇንም አራሰው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ታንክዎ ሙሉ ነው እኮ!» አለች ጮክ ብላ። «ምን ሊቀዱ ነው የተሰለፉት?»

ከኋላ የመኪና በር ተከፈተ። ሐጅ ጂላሊ ቀስ ብለው መጡ፤ የሚንጠባጠበውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው የተከፈተውን የታንክ አፍ ተመለከቱ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ወርደው ከበቡ። ማዶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ቡሽዓይብ ቆሟል።

«ሦስቴ የሞላኸው አንተ ነህ።» ሐጅ ጂላሊ አልጮሁም። «ማን ነው አስቀድሞ የነገረህ?»

ሐሙ ወደ ቀዩ ማደያ ዓይኑን ወረወረ። ሚሉድ ግን ወደዚያ አልተመለከተም። ዕድሜ ልኩን የተሰደበበት፣ ልጆቹ እንኳ የሚቀልዱበት ጠባዩ ትዝ አለው።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «እኔው ጠርጥሬ ነው።»

ላርቢ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። የሚሉድን ነገር የሚያውቅ ሁሉ አመነው። ሐጅ ጂላሊ ዝርዝራቸውን ከጀላባቸው አወጡና በመርሰዲሷ ጣሪያ ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ጠየቁ። ያቀበላቸው ሐሙ ነበር።