ተቀበል ሲሉት

ባሌ ዘውዴ ማሲንቆውን ከያዘ ጆሮው እንጂ ልቡ አይሠራም። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ እውነትም ግን ነው።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘፈን በሸክላ የሚቀርጽ ፈረንጅ ከነመሣሪያው መጣ። ጎበዝ ዘፋኝ አምጡልኝ ቢል ሦስታችንን አመለከቱት፤ ዘውዴ በማሲንቆ፣ ጎረቤታችን አሊዪ በከበሮ፣ እኔ በድምፄ። እምቢ ማለት ፈራን። ዘውዴ ግን፣ ምን ልደብቅ፣ ደስም ብሎታል። "ጌጤ፣ ብንሞት እንኳ ድምፃችን ይቀራል" ይለኛል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ታደሰ አርበኛ ሆኖ ጫካ ነው። "የሠርግ ዘፈን ብቻ፤ የሰው ስም እንዳታነሣ!" ብዬ አስማልኩት። "ሚካኤልን!" አለኝ።

ጥጥ መጋዘን አስገቡንና ድምፅ እንዳይገባ በር መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈኑት። እናንተዬ፣ በሮቢት ሙቀት ብርድ ልብስ! ላባችን እየተንጠባጠበ ጀመርን። ያምር ነበር። አሊዪ መንዙማ ላይ እንዳለ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ይሄኔ ጥግ የቆመው አስተርጓሚ፣ የሰው ምናምንቴ፣ "ተቀበል!" አለ።

ታደሰ ጀግና ነው ሲነገር በወሬ፤
ማታ ማታ ያድናል የባልቴትን ጥሬ።

አዝማሪ ተቀበል ከተባለ የሰጡትን ግጥም መልሶ ማዜም ደንቡ ነው። ሠርግ ቤት ስድብም ቢሰጡት ይቀበላል፤ ተስቆ ያልፋል። የኔው ጉድ ሸክላው እየዞረ ያንኑ አሳምሮ ደገመው! እኔ አፌን ያዝኩ። አሊዪ እጁን ከከበሮው አንሥቶ፣ "ያ አላህ! ጋሼ ዘውዴ፣ ምነው?" አለ።

ስንወጣ ጮህኩበት። "ያድናል ማለት እኮ ከሞት ያተርፋል ማለትም ነው፤ ሰምና ወርቅ ነው" አለኝ።

"ሰምህም ወርቅህም ገደል ይግባ!" አልኩት።

ሸክላው ተሠርቶ ሲመጣ በገበያ ቀን የጣሊያኑ ቡና ቤት በራፍ ላይ አስጮኹት። የወረዳችን የቀወት ባልቴቶች ገበያው መሀል ቆመው ሰሙ፤ እናቴም አለችበት። ከየጎተራቸው ማሽላ እየቀነሱ ለታደሰ ሰዎች በስውር የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሰረቀን ያለ ማንም የለም። ያ የሚያምር ድምፅ የባሌ መሆኑን ደግሞ አገር ያውቃል። ጨው የምትሸጠው ሙሀባ፣ ወትሮ "እትዬ ጌጤ" ብላ የምትጠራኝ፣ ፊቷን አዞረችብኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

እናቴ ግን አልተቆጣችም። "ታደሰ እንደሆነ የእህቱን ባል ያውቀዋል፤ ይስቅበታል" ብላ ማሽላውን እንደ ልማዷ ላከች።

በማግስቱ አህያዋ ከነጭነቷ ተመለሰች። ስልቻው አልተፈታም። ይዞ የሄደው ሰው እንደነገረን፣ ረሃብ ጠንቶባቸው ቅጠል ሲቀቅሉ ነው የደረሰው። ታደሰ ግን፣ "ለእማዬ መልስላት፤ የባልቴት ጥሬ አንበላም" ብሎታል።

ዘውዴ ጭነቱን ሊያወርድ ብድግ አለ።

"ተወው" አለችው እናቴ። "አንተ አትንካው።"